በወረቀቱ ላይ ያለው ግንብ እዚያ የለም፦ ከላስ ቬጋስ የግራንድ ካንየን ትኬት ለምትገዙ

ወገኖቼ፣ ከላስ ቬጋስ ተነስታችሁ ግዙፉን ገደል ግራንድ ካንየንን ለማየት ካሰባችሁ፣ በተለይም ከአገር ቤት የመጣ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «የትኛው አፋፍ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ለአራት ሰው 516 ዶላር ከፍያለሁ። የጠፋው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ ባልተቀመጥኩ።

ትኬቱን የሸጠልን ሆቴላችን አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮ የተቀመጠ የአገራችን ልጅ ነው። አማርኛ ስሰማ ልቤ ረጋ። የሰጠን ወረቀት ላይ ጀንበር ስትጠልቅ የተነሳ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ክብ፣ ረጅም፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ብቻውን የቆመ። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችና «ይሄ ደግሞ የንጉሥ ቤት ነው?» አለች። ልጁ ፈገግ ብሎ «ግራንድ ካንየን ነው እማማ» አላት።

አልዋሸም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ግንቡ የሚገኘው ግራንድ ካንየን ውስጥ ነው። በማግስቱ እኛ የተወሰድንበት ቦታም ግራንድ ካንየን ነው። ነገር ግን ገደሉ 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በሁለቱ ቦታዎች መካከል በመኪና ከአራት ሰዓት በላይ መንገድ አለ።

በፎቶግራፍ የምናውቀው፣ በ1919 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ብዙው ጎብኚ የሚሄድበት ደቡባዊው አፋፍ ነው፤ እነሱ «ሳውዝ ሪም» ይሉታል። በ1905 የተከፈተው ኤል ቶቫር ሆቴል፣ ወደ ገደሉ የሚወርደው የብራይት ኤንጅል የእግር መንገድ እዚያ ናቸው። በወረቀቱ ላይ ያለው ግንብም ሜሪ ኮልተር የተባለችው አርክቴክት ነድፋው በ1932 የተሠራው የዴዘርት ቪው ማማ ነው፤ የቆመውም በዚሁ አፋፍ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ከላስ ቬጋስ እስከ ደቡባዊው አፋፍ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ የሄድንበት ምዕራባዊው፣ «ዌስት ሪም» የሚባለው፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ለአስጎብኚው የትኛው እንደሚቀልለው እናንተው ገምቱ።

ምዕራባዊው አፋፍ የብሔራዊ ፓርኩ አካል አይደለም፤ ዋላፓይ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ርስት ነው። እኔ ግን በ80 ዶላር የገዛሁትን የብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ በኪሴ ይዤ፣ መግቢያ እንደማልከፍል እርግጠኛ ሆኜ ከአውቶቡሱ ወረድኩ። የትኬት መቁረጫዋ ሴት ካርዱን አገላብጣ አየችውና በትሕትና መለሰችልኝ። «የቀን ጉብኝት» ብለን የከፈልነው ለካ ለአውቶቡሱ ወንበር ብቻ ኖሯል! መግቢያውና የመስታወት ድልድዩ ለአራታችን ሌላ 300 ዶላር ገደማ አስወጣን። ምሳ ለብቻው ነው።

የመስታወት ድልድዩ በ2007 የተከፈተ፣ ከገደሉ ጫፍ 21 ሜትር ወደ አየር የወጣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው መተላለፊያ ነው። መስታወቱ እንዳይጫር ጫማ ላይ የጨርቅ ሽፋን ያስጠልቃሉ። እኛ በሄድንበት ቀን ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር፤ ፎቶግራፍ የሚያነሱት የእነሱ ሰዎች ነበሩ፣ ስንወጣም ይሸጡልን ነበር። እናቴ ጫማዋን እያየች ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቆመች። ደጀን ተወልዳ ያደገች፣ የአባይ በረሃን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትወጣና ስትወርድ የኖረች ሴት ናት፤ ገደል አያስደነግጣትም። «አፈሩን ሳልረግጥ ምኑን አየሁት?» ብላ ተመለሰች። ከዚያ ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ዙሪያውን መቃኘት ጀመረች። ግንቡን እየፈለገች ነበር።

የዋላፓይ ሰዎች አልበደሉኝም። መሬቱ የእነሱ ነው፤ በ1883 በመንግሥት ተከልሎ የቀረላቸው ነው፤ የሚጠይቁትንም ዋጋ በግልጽ ለጥፈዋል። እንዲያውም ጓኖ ፖይንት በሚባለው ጫፍ ላይ፣ በ1950ዎቹ ከወንዙ ማዶ ካለ ዋሻ የሌሊት ወፍ ኩስ ለማዳበሪያ ያመላልስ የነበረው የሽቦ ገመድ ማማ ዝጎ እንደቆመ አለ፤ ቀኑን ሙሉ እናቴን ያሳቃት እሱ ብቻ ነው። አውቆ ለሚሄድ ቦታው ያስደስታል። ጥፋቱ የአንዱን ሥዕል አሳይቶ ሌላውን የሸጠው ሰው ነው።

ወረቀቱ ላይ የነበረው «የሁቨር ግድብ ጉብኝት» ደግሞ መኪና ማቆሚያ ላይ የ15 ደቂቃ ቆይታ ሆነ። 221 ሜትር ከፍታ ያለውን ግድብ ከሩቅ አይተን፣ ሽንት ቤት ተሰልፈን አለቀ።

ስመለስ ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ግርጌው ላይ ጉንዳን በምታክል ፊደል «ዌስት ሪም» ይላል። ፊደሉ ቢያመልጠኝም ሰዓቱ ሊነግረኝ ይገባ ነበር፦ «በአሥር ሰዓት ውስጥ ደርሶ መልስ» ይላል። ደቡባዊው አፋፍ በመኪና መሄጃው ብቻ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ በአውቶቡስ ከሆነ ደርሶ መልሱ ከነጉብኝቱ 14 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ሰዓት በአውቶቡስ እንመልሳችኋለን የሚል ሁሉ የሚወስዳችሁ ወደ ሌላ ቦታ ነው። መግቢያ ተካቷል ካላችሁም ደረሰኙ ላይ እንዲጽፈው አድርጉ።

በጥሬ ገንዘብ ከከፈልኩ በሰው 10 ዶላር እንደሚቀንስልኝ ትኬት ሻጩ ልጅ ሲነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በክሬዲት ካርድ ብከፍል ኖሮ የካርዱ ሒሳብ መግለጫ በተላከልኝ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ አቤት ማለት እችል ነበር። ስደውልለት «ወንድሜ፣ ግርጌው ላይ ተጽፏል እኮ» አለኝና ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አያነሳም።

እናቴ ወረቀቱን ጠቅልላ ደጀን ይዛው ገብታለች። ባለፈው እሑድ ስደውል ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና እየጠጣ ነበር፤ ግንቡን እያሳየች «እዚህ ጋ ቆሜ» ስትል ሰማኋት። አላረምኳትም።