የአየር ብክለት ጋዝ መለኪያዎች ካሊብሬሽን፦ ሲሊንደርና ማቅጠኛ፣ ፐርሚዬሽን ቱቦ ወይስ በመለኪያው ውስጥ የሚገጠም ማረጋገጫ?

የሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ወይም የኦዞን መለኪያ ለመግዛት የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ትኩረቱን በመለኪያው ዋጋና ዝርዝር ላይ ያደርግና የካሊብሬሽን ዕቃውን፣ ማለትም መለኪያውን ለመፈተሽና ለማስተካከል የሚያገለግለውን፣ «ከነመለዋወጫው» በሚል ሐረግ ያልፈዋል። መለኪያው የሚያወጣው ቁጥር የሚታመነው ግን መጠኑ ከታወቀ ጋዝ ጋር በየጊዜው ሲመሳከር ብቻ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ደንብ ይህ ምርመራ ቢያንስ በየ2 ሳምንቱ እንዲደረግ ያዝዛል፤ ስለዚህ የካሊብሬሽን ዕቃው ከመለኪያው እኩል ታስቦበት መገዛት አለበት።

ርካሹ አማራጭ በራሱ በመለኪያው ውስጥ የሚገጠመው የዜሮና የስፓን ማረጋገጫ ነው፤ መለኪያውን አንድ ጊዜ ከብክለት በጸዳ አየር (ዜሮ)፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መጠኑ ከፍ ባለ ጋዝ (ስፓን) ይፈትሻል። በየሌሊቱ ሰው ሳይነካው ስለሚሠራ መለኪያው እየተዛባ መሄዱን ቶሎ ያሳያል። ነገር ግን የጋዝ ምንጩ ራሱን ችሎ በሌላ አካል የተረጋገጠ ስላልሆነ በእሱ ውጤት መለኪያውን ማስተካከል ተገቢ አይደለም። ለክትትል ይገዛ፤ ሌላውን ይተካል ተብሎ ግን አይገዛ።

ወደ ከባቢ አየር መጠን ቀርቦ የተሞላ ሲሊንደር በቀጥታ ማገናኘትም ቀላል ይመስላል። በ150 ባር የተሞላ ባለ10 ሊትር ሲሊንደር ወደ 1,500 ሊትር ጋዝ ይይዛል፤ በደቂቃ 1 ሊትር ከፈሰሰ በ25 ሰዓት ያልቃል። ከዚያም በላይ፣ በጣም ቀጭን የሆነ የናይትሪክ ኦክሳይድ ወይም የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋዝ በሲሊንደር ውስጥ መጠኑን ጠብቆ አይቆይም። ለካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ከሆነ ግን ይህ መንገድ ጥሩ አማራጭ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ምርጫ በፐርሚዬሽን ቱቦና በማቅጠኛ ካሊብሬተር መካከል ነው። በፐርሚዬሽን ቱቦ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጋዝ በቴፍሎን ግድግዳ በኩል በዝግታ ይወጣል፤ የሚወጣውም መጠን ቱቦውን በመመዘን ይታወቃል። ሲሊንደር ማመላለስ አያስፈልገውም፤ ለሰልፈር ዳይኦክሳይድም በእጅጉ ይመቻል። ሆኖም የሙቀት መጠኑ 1 ዲግሪ ሲለወጥ የሚወጣው ጋዝ ወደ 10 በመቶ ይለወጣል። መብራት ጠፍቶ የቱቦውን ሙቀት የሚጠብቀው ምድጃ ከቀዘቀዘ ቱቦው እስኪረጋጋ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊጠበቅ ይገባል። መብራት በሚቆራረጥበት ጣቢያ ይህ ከባድ ጉድለት ነው።

ማቅጠኛው የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ከሲሊንደር የሚወጣውን ወፍራም ጋዝ ከብክለት በጸዳ አየር (ዜሮ አየር) ያቀጥናል። በ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) የተሞላ ናይትሪክ ኦክሳይድ በደቂቃ 10 ሚሊ ሊትር እየወጣ ከ5 ሊትር ዜሮ አየር ጋር ሲቀላቀል ወደ 100 ፒፒቢ (ከቢሊዮን 100 እጅ) ይሆናል፤ ለምርመራ ብቻ እየተከፈተ ከሆነ አንድ ሲሊንደር በዚህ ፍጥነት ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ንጹሕ ዜሮ አየር የሚያመርት መሣሪያም ያስፈልገዋል።

ለአዲስ አበባ ገዢ ግን ከዋጋ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በዚህም ምክንያት በባሕር ጠለል ሁኔታ የተለካ 1 ሊትር ጋዝ እዚህ 1.3 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ማቅጠኛው የሚያሰላው የሁለት ፍሰቶችን ንጥጥር ስለሆነ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መለኪያ ከተለኩ ይህ ልዩነት ይጣፋል። በፐርሚዬሽን ቱቦ ግን የሚወጣው ጋዝ በናኖግራም ስለሚታወቅ፣ የዜሮ አየሩን ፍሰት ያለ እርማት የሚያነብ ሰው የ30 በመቶ ያህል ስሕተት በቀጥታ ወደ ውጤቱ ያስገባል። በእኔ እምነት ለደጋ ከተማ ማቅጠኛውን የሚያስመርጠው ከሁሉ በፊት ይህ ነው።

ኦዞን በሲሊንደር ስለማይቀመጥ ከየትኛውም አማራጭ ጋር እዚያው የሚያመነጭና በ254 ናኖሜትር ብርሃን የሚለካ ፎቶሜትር ያስፈልጋል። የፎቶሜትሩ የግፊት ዳሳሽ በከተማው ግፊት መፈተሹን አቅራቢው በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ እርማቱ ከሌለ ንባቡ በሩብ ያህል ያንሳል። ማቅጠኛው ኦዞን ማመንጫ ካለው ናይትሪክ ኦክሳይድን ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በመለወጥ የመለኪያው መቀየሪያ (ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ለመለካት ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚመልሰው ክፍል) ብቃት ከ96 በመቶ እንዳይወርድ መከታተል ያስችላል። ያለዚህ ምርመራ በናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ቁጥር መተማመን አይቻልም።

በፕሮፎርማው ላይ የማይዝግ ብረት ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን ግፊት የሚቀንስ መሣሪያ) መጻፉን ማየት ያሻል። የነሐስ ሬጉሌተር ለካርቦን ሞኖክሳይድ ቢያገለግልም ለናይትሪክ ኦክሳይድና ለሰልፈር ዳይኦክሳይድ አይሆንም፤ ትክክለኛውም ቢሆን ከመለካቱ በፊት ደጋግሞ በጋዙ መታጠብ አለበት፣ ውስጡ የቀረ አየር ናይትሪክ ኦክሳይዱን ይለውጠዋልና። የሲሊንደሩ የምስክር ወረቀት የሚያበቃበት ቀንም መታየት ይኖርበታል። በመርከብ ጉዞና በጉምሩክ የሚያልፉት ወራት ከዚያው ጊዜ ላይ ስለሚቀነሱ፣ ውሉ ላይ ሲሊንደሩ መጋዘን ሲገባ ቢያንስ ምን ያህል የአገልግሎት ጊዜ ሊቀረው እንደሚገባ በግልጽ ይጻፍ።