ለጅማ ዝናብ የትኛው ክዳን ይሻላል? ሞገድ ቆርቆሮ፣ ኢጋ እና ተቆላላፊ ቆርቆሮ ሲነጻጸሩ

አንድ ሐምሌ ላይ ሳሎኔ መሃል ባልዲ ደቅኜ አድሬያለሁ። ቆርቆሮው ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ዝገት የለበትም፣ የተቀደደም ቦታ የለውም። ጠዋት መሰላል ተውሰን ጣሪያው ላይ ስንወጣ ነገሩ ገባን። የመታው አናጺ ምስማሩን በሞገዱ ጀርባ ላይ ሳይሆን በቦዩ ውስጥ መትቶታል። ቦዩ ውሃው የሚወርድበት መንገድ ነው። በውሃው መንገድ ላይ በመቶ የሚቆጠር ቀዳዳ በስቶልኝ ሄዷል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ክዳን ሲያማክረኝ ቀለሙን አልጠይቅም። የምጠይቀው ቀዳዳው የት እንደሚሆን ነው። ከዚህ በታች ያለውን ንጽጽር የጻፍኩትም ከዚያው ጥያቄ ተነስቼ ነው።

ጅማ በዓመት በአማካይ ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ጣሪያ በዓመት 150,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል። ዝናቡ ደግሞ እንደ ሌላው አገር በሁለት ወር አያበቃም። በልግ ላይ ይጀምርና ክረምቱን ዘልቆ መስከረምን ያልፋል። በደረቅ አገር ለዓመታት ሳይታወቅ የሚቆይ ስንጥቅ እዚህ በመጀመሪያው ወር ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ካርታ ይሥላል።

ሦስቱ እነማን ናቸው?

ሞገድ ቆርቆሮን የማያውቅ የለም። ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1829 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጠፍጣፋ ላሜራ ይልፈሰፈሳል፣ ያው ላሜራ በሞገድ ሲታጠፍ ግን ራሱን ይሸከማል። ለዚህ ነው በስስ ብረት፣ በተራራቀ ማገር ላይ ቤት የሚከደነው።

ኢጋ የሚባለው ያንኑ ሐሳብ ይዞ ሞገዱን ባለ ማዕዘን ያደረገ ነው። ከፍ ያለ ጎድን አለው፣ በመሃሉ ሰፊ ጠፍጣፋ ቦይ አለ። በፈለጉት ርዝመት ተቆርጦ ስለሚመጣ ከጣሪያው አናት እስከ አሸንዳው ድረስ ያለ መገጣጠሚያ መዘርጋት ይቻላል። ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው በደንብ የማያውቀው ተቆላላፊ ቆርቆሮ ነው። ትናንሽ የብረት ሳህኖች ናቸው። አራቱም ጠርዛቸው ይታጠፋል። ሁለቱ ጠርዞች ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች ታጥፈው አንዱ ሳህን ሌላውን እንደ መንጠቆ ይይዘዋል። ምስማሩ የሚመታው በላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። ቀጣዩ ረድፍ ሲመጣ ምስማሩን ይሸፍነዋል። ሥራው ሲያልቅ ከውጭ አንድም ምስማር አይታይም።

የእኔን ባልዲ አስታውሱና ይህን የመጨረሻውን ነገር ደግማችሁ አንብቡት።

ተቆላላፊው እንዴት ይነደፋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገዢ የሚታለለው እዚህ ነው። ከላይ ሲያዩት ሁሉም ተቆላላፊ አንድ ይመስላል። ጥሩውና መጥፎው የሚለየው በእጥፋቱ ውስጥ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 50 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ላሜራ አለን እንበል። ለእጥፋትና ለመደራረቢያ በቁመትም በወርድም በድምሩ 6 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። የሚሸፍነው 44 በ54 ብቻ ይሆናል። ለ1 ካሬ ከ4 ሳህን ትንሽ ይበልጣል፣ ለ100 ካሬ ወደ 420 ሳህን ይፈልጋል። ከገዛችሁት ብረት 21 በመቶው እጥፋት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ሞገድ ቆርቆሮም ግን ከዚህ አይርቅም። 90 ሴንቲ ወርድ፣ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በጎን 12፣ በጫፍ 15 ሴንቲ ቢደራረብ 20 በመቶው ያው መደራረቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ «ተቆላላፊው ብረት ያባክናል» የሚላችሁን ሻጭ ይህን ሒሳብ ሠርታችሁ አሳዩት።

ቀጥሎ የሚታየው የእጥፋቱ ክፍተት ነው። ሁለት ብረቶች ፊት ለፊት ተጣብቀው ከተቀመጡ ውሃ በመሃላቸው ሽቅብ ይሳባል። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ነው። እጥፋቱን በመዶሻ ድፍን አድርጎ የሚጨፈልቅ ሠራተኛ አጠበቅኩት ብሎ ያስባል። ያደረገው ግን ለውሃው መሰላል መሥራት ነው። በእጥፋቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ ሲኖር ሽቅብ መሳቡ እዚያው ይቆማል።

እጥፋቱ ሌላም ፈተና አለበት። በጣም ስል ሆኖ ከታጠፈ ቀለሙና የዚንክ ልባሱ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል፣ ከውጭ ግን አይታይም። ናሙና ስትይዙ ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙሩና መታጠፊያውን በጥፍራችሁ ሂዱበት። ቀለሙ ፍርፍር ካለ አትግዙት።

ማዕዘኑም አለ። አራት ሳህን አንድ ነጥብ ላይ ከተገናኘ እጥፋቶቹ እላይ በላይ ተቆልለው ብረቱን ያነሱታል፣ ውሃም ይገባል። ስለዚህ እንደ ብሎኬት አደራደር እያንዳንዱ ረድፍ በግማሽ ሳህን ፈቀቅ ይላል። ያኔ የሚገናኙት ሦስት ብቻ ይሆናሉ። ማዕዘኖቹም ሳይታጠፉ በፊት በመቀስ በሰያፍ ይቆረጣሉ። ፈቀቅ ማለቱ ሌላ ጥቅም አለው። በጎን መገጣጠሚያ የሾለከች ጠብታ የምታርፈው እንጨት ላይ ሳይሆን ከሥር ባለው ሳህን መሃል ላይ ነው። ከዚያ ወደ አሸንዳው ትወርዳለች። ይህን የነደፈውን ሰው አደንቀዋለሁ።

ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁ

ጅማ ላይ ቀትር ላይ ፀሐዩ ብረቱን ያግለዋል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ድንገት ያቀዘቅዘዋል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። የ50 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር 6 ሜትር የሆነ የኢጋ ቆርቆሮ ወደ 3.6 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ብሎኑ ግን አይንቀሳቀስም። ዓመት ከዓመት ሲጎተት ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከብሎኑ ራስ ሥር ያለው ጎማም ይደክማል። አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ እንቅስቃሴው እጥፍ ገደማ ነው።

54 ሴንቲ የሆነ ተቆላላፊ ሳህን በዚያው ሙቀት የሚንቀሳቀሰው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። እሱንም እጥፋቱ ውስጥ ይጨርሰዋል። በዚህ ነጥብ ተቆላላፊው ያለ ጥርጥር ያሸንፋል።

ተቆላላፊው የሚሸነፍበት

መጀመሪያ ተዳፋቱ ነው። ተቆላላፊ ሳህን ቢያንስ 14 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። በአናጺ ቋንቋ በ1 ሜትር አግድም 25 ሴንቲ ከፍታ ማለት ነው። ለጅማ እኔ 35 ሴንቲ እላለሁ። ግንብ ከፍ አድርገው ጣሪያውን ከኋላው ደብቀው ለጥ የሚያደርጉ አዳዲስ ቤቶች አሉ። እንዲህ ላለው ቤት ትናንሽ ሳህኖች አይሆኑም። ውሃው ተዳፋት ካጣ መቶ ጊዜ ቢቆላለፍም ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚያ ላይ አንድ ወጥ ረጅም ኢጋ ይሻላል።

ሁለተኛው እንጨቱ ነው። ሞገድ ቆርቆሮ ይቅር ባይ ነው። የባሕር ዛፍ አጠናው ትንሽ ቢጎብጥም ተጎንብሶ ይቀመጣል። ተቆላላፊው ግን ቀጥ ያለ ነገር ይፈልጋል። ከሥሩ ወጥ ጣውላ፣ ወይም በሳህኑ ልክ የተቀራረበ የተላገ ሞራሌ ያስፈልገዋል። ከጣውላው ላይም ሬንጅ የተቀባ ወረቀት ቢነጠፍ ጥሩ ነው። ማገሩ በሁለት ሴንቲ ከተዛነፈ አሥረኛው ረድፍ ላይ መንጠቆው አይደርስም። ያኔ ሠራተኛው በግድ ይጎትተዋል፣ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ የብረቱን ብቻ አታወዳድሩ። ጣውላውን፣ ወረቀቱንና የእጁን ዋጋ ደምሩበት። ሲደመር ተቆላላፊው ከሦስቱ ውዱ ነው፣ ይህን መሸሸግ አልፈልግም።

ሦስተኛው ጥገና ነው። ዛፍ ወድቆ መሃል ላይ አንድ ሞገድ ቆርቆሮ ቢጎዳ ምስማሩን ነቅሎ መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ተቆላላፊው ግን መሃሉ ሲጎዳ ከአናቱ ጀምሮ እየፈቱ መውረድ ይጠይቃል፣ ወይም ደግሞ የሚያውቅ እጅ ቆርጦ መልሶ ማጠፍ አለበት። የሚያውቅ እጅ በየሰፈሩ አይገኝም። ከመግዛታችሁ በፊት ሠራተኛው እዚሁ ጅማ የከደነውን ቤት፣ ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበትን፣ ሄዳችሁ እዩ። የቤቱን ባለቤት ጠይቁ። የሚያሳየው ቤት ከሌለው ልምምዱን የእናንተ ቤት ላይ አይጀምር።

ስለ ድምፅ ብዙዎች ይጠይቁኛል። ሳህኑ ወጥ ጣውላ ላይ ከተኛ የዝናቡ ጩኸት በጣም ይቀንሳል። ማገር ላይ ብቻ ከሆነ ከሌላው አይለይም።

ብረቱ ራሱ

የብረቱ ውፍረት የሚነገረው በጌጅ ነው፤ ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል። 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 32 ጌጅ ወደ 0.25። ሱቅ ውስጥ «ጠንካራ ነው» ሲባል በቃል አትመኑ፣ በካሊፐር ይለካ። ለሞገድ ቆርቆሮ 32 ቢያስኬድም ለጅማ 28 ወይም 30 ብትወስዱ ደስ ይለኛል። ተቆላላፊው ጠፍጣፋ ፊት ስላለው ከ0.4 በታች አትውረዱ፣ ሰው ሲረግጠው ይጎደጉዳል።

ልባሱ ከውፍረቱ አያንስም። ተራው በዚንክ የተነከረ ነው። በደንብ የተነከረው በ1 ካሬ በሁለቱም ፊት ተደምሮ 275 ግራም ዚንክ ይይዛል፣ የሳሳው ግን ከ100 ግራምም አይበልጥም። አሉዚንክ የሚባለው 55 በመቶ አሉሚኒየም ያለበት ልባስ ሲሆን እንደኛ ላለ እርጥብ አየር ከተራው ዚንክ የተሻለ ይቋቋማል። ከሲሚንቶ ጋር ግን አይስማማም። ግድግዳ ጋ የሚገናኝበት ቦታ እርጥብ ቡኮ እንዲነካው አትፍቀዱ።

ሦስት ትናንሽ ስህተቶች ሁሉንም ዓይነት ክዳን ያበላሻሉ። በግራይንደር መቁረጥ ልባሱን ያቃጥላል፣ ብልጭታው ያረፈበት ቦታም ይዝጋል፣ ስለዚህ በመቀስ ይቆረጥ። በእርሳስ ምልክት ማድረግ ብረቱን መስመር ተከትሎ ያዝገዋል፣ በማርከር ይደረግ። ሦስተኛው እዚህ የምናየው ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ የመጣ ቆርቆሮ ዝናብ መትቶት እንደተደራረበ ግቢ ውስጥ ይቀመጣል። በመሃሉ የገባው ውሃ መውጫ ስለሌለው በሳምንታት ውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል። ስትረከቡ ከላይ ያለውን ብቻ አትዩ፣ መሃል ላይ ያለውን አስወጡ። ግቢ ከገባ በኋላም በእንጨት ከመሬት አንሱት፣ አንድ ጫፉን ከፍ አድርጉና ውሃው እንዲንጠባጠብ አድርጉ።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ጣሪያው ሁለት ጎን ብቻ ያለው፣ እንጨቱ አጠና የሆነ፣ በጀቱም የተጨናነቀ ከሆነ ወፍራም ሞገድ ቆርቆሮ ግዙ። ምስማሩ ባለ ጎማ ይሁን፣ በሞገዱ ጀርባ ላይ ይመታ። የተረፈውን ገንዘብ ለአሸንዳ አውሉት። መጋዘን፣ ሱቅ፣ የቡና ማከማቻ ወይም ተዳፋቱ ዝቅ ያለ ቤት ለሚሠራ ኢጋ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኖ። ተዳፋቱ ጥሩ፣ እንጨቱ የተላገ፣ ብዙ ማዕዘን ያለው መኖሪያ ቤት ሠርታችሁ ለልጆቻችሁ ልትተዉት ካሰባችሁና ሠራተኛውን ካገኛችሁ፣ እኔ ተቆላላፊውን እመርጣለሁ። ቤቴን እንደገና ስከድን የምገዛው እሱን ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ስድስት ሳህን ለምኑት። አንድ ጣውላ ላይ ጋዜጣ አንጥፉ። ሳህኖቹን በሁለት ረድፍ፣ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ በግማሽ ሳህን ፈቀቅ እያደረጋችሁ ቆልፏቸው። ጣውላውን በጣሪያችሁ ተዳፋት ልክ አጋድሉት። አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ አፍስሱ። ሌላ ባልዲ ደግሞ ንፋስ እንደሚገፋው ከጎንና ከታች ወደ ላይ እርጩበት። ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ ሳህኖቹን ፍቱና ጋዜጣውን በእጃችሁ ዳስሱት።