ስታዲየም አካባቢ ያለችው ጠባቧ ላፕቶፕ ቤት

ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሲስተም) የጫንኩበትን አሮጌ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ሌላ ቦታ «ዊንዶውስ ካልጫንንበት አይሆንም» ብለው ስለመለሱኝ እዚህም ያው ነው ብዬ ነበር። ችግሩ እንዲህ ነው፦ ሲበራ የመግቢያው ስክሪን ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ ከዚያ ጥቁሩ ላይ በጽሑፍ «ሎግኢን» ብሎ ይገተራል።

ጠጋኙ ልጅ ማኪያቶውን ገፋ አድርጎ ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ 2 ተጫነና ወደ ሌላ የጽሑፍ ስክሪን ገባ። ፓስወርዱን እኔው አስገባሁ (በዚህ ወደድኩት፣ ሌሎቹ ወረቀት ላይ ጻፊልን ነው የሚሉት)። የላይትዲኤምን (የመግቢያውን ስክሪን የሚያወጣው ፕሮግራም ነው) ኮንፊገሬሽን ፋይል ከፈተና «ይቺን ማነው የነካት?» አለኝ። እኔው ነኝ! ኢንተርኔት ላይ አይቼ ሚኒመም ቪቲ የሚለውን፣ ማለትም የመግቢያው ስክሪን ከስንተኛው ተርሚናል ጀምሮ እንደሚወጣ የሚወስነውን፣ 1 አድርጌው ነበር። ለካ 1 ቁጥር ተርሚናል (ሊኑክስ በቁጥር ከሚለያቸው ስክሪኖች አንዱ) ላይ የጽሑፍ መግቢያው ቀድሞ ተቀምጧል፣ ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ሲጋፉ ነው ነገሩ የተበላሸው። ወደ 7 መለሰው፣ የላይትዲኤም የራሱ መነሻ ቁጥር እሱ ነው፣ ሪስታርት አደረገው፣ በቃ። ጂዲኤም የሚባለውን ሌላ የመግቢያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ግን 7 ላይ አትፈልጉት፣ እሱ በአብዛኛው 1 ላይ ነው የሚወጣው።

200 ብር ከፈልኩ። መቀመጫ የለም፣ ስልክ አያነሱም፣ 40 ደቂቃ በር ላይ ተገትሬያለሁ። ዊንዶውስ ለማስጫን ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ። የሊኑክስ ጣጣ ያለበት ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይድረስ፣ ከምሳ በኋላ ልጁን አያገኘውም።