የእናቴን ምጣድ መስመር ለሠራልን ኤሌክትሪሻን

ደብረ ማርቆስ ላላችሁ ሁሉ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ልጠቁማችሁ ነው። ስሙንና ስልኩን እንዳልለጥፍ ስለጠየቀኝ አልጽፈውም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄው አገናኛችኋለሁ።

እናቴ አብማ ማርያም አካባቢ ነው የምትኖረው። ምጣዷ ጓሮ ካለው ማድ ቤት ነው። ሁለት ሦስት እንጀራ እንዳወጣች ብሬከሩ ይወርዳል። ሄዳ እስክታነሳው ምጣዱ ይቀዘቅዛል፣ ቀጣዩ እንጀራ ዓይን አያወጣም። የአባታችን ሙት ዓመት ደግሞ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።

መጀመሪያ የጠራነው ሰው ብሬከሩን በባለ 40 አምፔር ቀየረው። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። 1,500 ብር ተቀብሎ ሄደ። እውነትም መውረዱ ቆመ። በሳምንቱ ግን እናቴ «ላስቲክ ላስቲክ ይሸተኛል» አለችኝ። ሶኬቱን ብነካው ይፋጃል። ሌላ ሰው ጠራን። እሱ ደግሞ የቤቱ መስመር በሙሉ ካልተቀየረ አለና 18 ሺህ ብር ጠየቀን።

ያኔ ራሴ ልሥራው ብዬ ተነሳሁ። ግድግዳ ቀለም እቀባለሁ፣ የቧንቧ ጎማ እቀይራለሁ፣ ይሄ ምን ይከብዳል አልኩ። ቪዲዮ አየሁ፣ ካቻቢቴና ናስትሮ ገዛሁ። ዋናውን አጥፍቼ ሶኬቱን ስፈታው የሽቦው ልባስ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል። እጄ ተንቀጠቀጠ። መልሼ ገጠምኩትና ምጣዱን ማንም እንዳይሰካው አልኩ።

ይህን ልጅ ያገኘሁት በጎረቤት አናጢ በኩል ነው። መጣ። መሣሪያውን ሳያወጣ በፊት «ምጣዱ ስንት ዋት ነው?» አለ። አይተን አናውቅም። ገልብጦ አነበበው፣ 3,500 ነው። ከዚያ አስቀምጦ አስረዳኝ። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው። 3,500ን ለ220 ስታካፍሉት 16 አምፔር ገደማ ይመጣል፣ እሱም ለሰዓታት ሳይቋረጥ። የእኛ ምጣድ ግን የተሳበው ከማድ ቤቱ አምፖል ላይ ነው፣ በቀጭኗ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ። «ብሬከሩ አልተበላሸም ነበር፣ ሽቦው እንዳይቃጠል ነው ሲወርድ የነበረው» አለኝ። ባለ 40 ሲገባ ጠባቂው ተነሳ ማለት ነው። ሽቦው ቢግል፣ ቢቀልጥ የሚያቋርጠው የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አገኘ። የምጣዱ የመሬት ሽቦ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ሰው እንዳይነዝር ወደ መሬት የሚያወርደው፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ይህን ሲናገር እናቴ ቀስ ብላ «አንዳንዴ ይነዝረኝ ነበር» አለች። ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ለእኛ ነግራን አታውቅም።

የቤቱን መስመር አንድ በአንድ ፈተሸና «ደህና ነው፣ ገንዘባችሁን አታውጡ» አለ። እኔ ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ለዚህ ቃል ነው። ዝም ቢል 18 ሺውን ለእሱ እከፍል ነበር። ከማከፋፈያው እስከ ምጣዱ 14 ሜትር ለካ። ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር፣ ቲዩብና ሶኬት ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። «ከፈለግሽበት ሱቅ ራስሽ ግዢ» አለኝ። የእጁን ዋጋ 2,500 ብር ብሎ ሥራ ሳይጀምር ነገረን። እናቴ ልትከራከረው ጀምራ ነበር። የጠቆረውን ሽቦ አውጥቶ ሲያሳያት ተወችው።

ግማሽ ቀን ሠራ። ለምጣዱ ብቻ የሆነ መስመር ዘረጋ፣ የመሬቱን ሽቦ አያያዘ፣ በቴስተር ለካ። የተረፈችውን ሽቦ እንኳን ጠቅልሎ ለእናቴ ሰጣት። ዕቃውም እጁም ተደምሮ ከ18 ሺው ግማሽ አልደረሰም።

ለሙት ዓመቱ እናቴና ጎረቤቶቿ ሁለት ቀን ሙሉ ጋገሩ። ብሬከሩ አንዴም አልወረደም። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደውሎ «ሶኬቱን ንኪው እስቲ፣ ይሞቃል?» አለኝ። አይሞቅም ነበር። ማንም ደውል አላለውም።

በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ግን ሙሉ ቀን ይገኛል። ምጣዳችሁ ከመብራት ላይ የተሳበ ከሆነ ወይም ሶኬቱ የሚፋጅ ከሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ፣ ጻፉልኝ።

መስመሩን የሠራህልን ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው እማማ «እጁ ይባረክ» ብላሃለች። ለሙት ዓመቱ ሳትመጣ ስለቀረህ ተቀይማለች፣ ድርሻህን አስቀምጣልሃለች፣ በዚያ በኩል ስታልፍ ግባ።