ፒችትሪያችንን ከራንሰምዌር ላተረፈልን ባለሙያ ምስጋና

ይህን የምጽፈው የቢሯችንን ኮምፒውተሮች የሚያይልንንና ከራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ከሚጠይቅ ቫይረስ፣ ያተረፈንን አንድ ወጣት ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስሙ እዚህ እንዳይወጣ ስለጠየቀኝ አልጠቅሰውም፤ ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ሥራችን የሂሳብ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለአስመጪዎች፣ ለፋርማሲዎችና ለአነስተኛ ፋብሪካዎች ሂሳብ እንይዛለን። የየድርጅቱ የዓመታት ግዢና ሽያጭ ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ነው ያለው፤ ፔይሮሉ ኤክሴል ላይ፣ ደረሰኙ ስካን ተደርጎ ፎልደር ውስጥ። ሁሉም አንድ ዋና ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሌሎቻችን በኔትወርክ እየገባን እንሠራበታለን። ይህ መረጃ በግብር ወቅት ቢጠፋ ጉዳቱ የእኛ ብቻ አይሆንም፤ ደንበኞቻችን ገቢዎች ፊት ባዶ እጃቸውን ነው የሚቆሙት።

ልጁን መጀመሪያ የጠራሁት ፕሮፎርማ እንዲያይልኝ ነበር። አንድ ሻጭ «ከራንሰምዌር ሙሉ በሙሉ ይከላከላል» የተባለ፣ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር በየዓመቱ የሚከፈልበት ሶፍትዌር አቅርቦልን ነበር። ልጁ ራሱም እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ይሸጣል፤ የራሱን ዋጋ ቢያቀርብልኝ ኖሮ ዓይኔን ሳላሽ እገዛው ነበር። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ግን፣ «ጋሼ፣ በዚህ ብር መጀመሪያ ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይግዙ። የተረፈ ካለ ስለ ሶፍትዌሩ ያኔ እናወራለን» አለኝ። የራሱን ገበያ ትቶ የሚበጀንን የነገረን ሰው ስለሆነ ነው አፌን ሞልቼ የምመሰክርለት።

መከላከያ አያስፈልግም አላለም። ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣውን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ በሁሉም ላይ አስተካከለ፤ ሠራተኞቹ ፕሮግራም መጫን በማይፈቅድ አካውንት እንዲገቡ አደረገ፤ የዊንዶውስ ዝመና እንዳይዘለል አጥብቆ ነገረን። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለ ራንሰምዌር የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር ቀደም ብሎ ደፍኖት ነበር፤ በብዛት የተጠቁት ዝመናውን ያልጫኑት ናቸው። ዊንዶውስ 10 ላይ የነበሩ አሮጌ ኮምፒውተሮቻችንንም ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ ከኔትወርኩ አወጣቸው።

የባክአፑ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂው፣ አሠራር ቀላል ነው። ማታ ሥራ ሲዘጋ የየድርጅቱ የፒችትሪ ባክአፕና የሌሎቹ ፎልደሮች ቅጂ ወደ አንዱ ዲስክ ይገባል፤ እንዳለቀም ዲስኩ ተነቅሎ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። ሁለተኛው ዲስክ እኔ ቤት ነው፤ ሰኞ ሰኞ ይለዋወጣሉ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ኮምፒውተር ላይ በፍጹም አይሰኩም። ራንሰምዌር የተሰካውን ሁሉ አብሮ ይቆልፋል፤ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ስለዚህ ባክአፕ ሊባል አይችልም። ጎግል ድራይቭ ላይም አንድ ቅጂ አለን፤ ሆኖም ከኮምፒውተሩ ጋር በራሱ የሚናበብ ፎልደር የተቆለፈውንም ፋይል እንዳለ ወስዶ በደህናው ላይ ሊተካው ስለሚችል ዋናው መተማመኛችን አላደረገውም።

ዲስክ ተነቅሎ ይቀመጥ የሚለውን ለማስረዳት የመርስክን ታሪክ ነገረን። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት የዚህን ግዙፍ የመርከብ ድርጅት ኮምፒውተሮች በዓለም ዙሪያ ሲያጠፋ፣ የኔትወርኩን የተጠቃሚዎች መዝገብ የያዙት ሰርቨሮችም እርስ በርስ ስለሚናበቡ አብረው ጠፉ። የተረፈው ጋና ያለው ብቻ ነበር፤ በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ውጭ ስለነበረ። ሃርድ ዲስኩ በሰው እጅ በናይጄሪያ በኩል እንግሊዝ ደርሶ ድርጅቱ በእሱ ቆመ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ባክአፑን መፈተሹ ነው። ዲስኩን ከእጄ ተቀብሎ የእኛ ፋይል ገብቶበት የማያውቅ ላፕቶፕ ከፈተና፣ «ከደንበኞቻችሁ አንዱን ይምረጡልኝ» አለኝ። አንድ ፋርማሲ መረጥኩ። ባክአፑን ሪስቶር አድርጎ (ፋይሉን ከቅጂው መልሶ) የሰኔ 30 ትሪያል ባላንስ (የሂሳቦች ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) አተመና ካቢኔት ውስጥ ከነበረው ከተፈረመበት ወረቀት ጎን አስቀመጠው። እርሳስ ይዘን መስመር በመስመር አመሳከርን፤ ሳንቲሙ ሳይቀር ገጠመ። ሲጨርስ የፋርማሲውን መረጃ እዚያው ፊቴ ከላፕቶፑ ላይ አጠፋ። አሁንም በየሩብ ዓመቱ እየመጣ በሌላ ደንበኛ ፋይል ይህንኑ ይደግማል። ስንት ባለሙያ ባክአፕ ጭኖልን ሄዷል፤ ሪስቶር አድርጎ ያሳየን እሱ ብቻ ነው።

ያ ሁሉ ጥንቃቄ መስከረም መጨረሻ ላይ ዋጋውን አገኘ። አንድ ተለማማጅ የራሱን ላፕቶፕ የጋራ ፎልደራችን ላይ አገናኝቶ እየሠራ ሳለ የፒዲኤፍ ማስተካከያ ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ ፕሮግራም) አውርዶ ጫነ። መመሪያው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ያጥፉ» ስለሚል አጠፋው። «ዊንዶውስ እየታደሰ ነው» የሚል የሐሰት መስኮት ብቅ ብሎ ሲያዘናጋው ከጀርባ ፋይሎቹ ይቆለፉ ነበር። የሥራ ባልደረባችን ፔይሮል ልትከፍት ስትል እምቢ አላት፤ ብታይ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የማታውቃቸው አራት ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ የተቀመጠው ማስታወሻ 980 ዶላር ክፈሉ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490 ይላል።

ደወልኩለት። «የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ፣ ዋይፋዩን ያጥፉ፤ ዲስኩን ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትሰኩ» ብሎ ከያዘው ሥራ ተነስቶ መጣ። ስቶፕ ወይም ዲጃቩ የሚባለው፣ በክራክ የሚሰራጨው ዓይነት መሆኑን ለየ። ዋናው ኮምፒውተር ላይ ያለው ዲፌንደር ለምን አላስቆመውም ብዬ ጠየቅሁት። ቫይረሱ የሚሠራው ላፕቶፑ ላይ ነበር፤ ዋናው ኮምፒውተር ያየው የተፈቀደለት ሰው በኔትወርክ ገብቶ ፋይል ሲቀይር ብቻ ነው። ያ ውድ ሶፍትዌር የተለማማጁ ላፕቶፕ ላይ ቢኖር ኖሮም እንዲጠፋ የታዘዘው እሱ ነበር።

ማሽኖቹን ፎርማት አድርጎ ከካዝናው ዲስክ መለሰልን። በማግስቱ ከሰዓት ሁላችንም ሥራ ላይ ነበርን፤ የጎደለው የዚያን ጠዋት ምዝገባ ብቻ ስለነበር ከደረሰኞቹ ላይ እንደገና አስገባነው። ለማንም አምስት ሳንቲም አልከፈልንም። ይህ ዓይነት ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፓስወርድ የሚሰርቅ ፕሮግራም አስከትሎ ስለሚመጣ የኢሜይልና የባንክ ፓስወርዶቻችንንም ከንጹሕ ኮምፒውተር አስቀየረን።

አሁን ሶፍትዌሩንም ገዝተናል፤ ለዚህም ምክንያቱን ያስረዳኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ወዲህ አንዳንድ ወንበዴዎች ከመቆለፋቸው በፊት ፋይሉን ቀድተው ይወስዱና «ካልከፈላችሁ እናወጣዋለን» ይላሉ። የተሰረቀን የደንበኛ ምስጢር ባክአፕ አይመልስም፤ እዚያ ላይ መከላከያው የግድ ነው። የእኛ ዓይነት ጠባብ በጀት ያለው ቢሮ ግን ዲስኩን ያስቀድም።

ፎቶ ቤት ያለው ጓደኛዬ በተመሳሳይ ቫይረስ የሠርግ ፎቶዎች ተቆልፈውበት ወደዚሁ ልጅ ላክሁት። ልጁ የኔዘርላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ያቋቋሙት ኖ ሞር ራንሰም የተባለ ድረ ገጽ ላይ ያሉትን ነፃ መፍቻዎች ሞከረለት። የእሱ የሚፈታ ዓይነት አልነበረም። በግልጽ ነገረው፤ አንድ ቀን ቁልፉ ቢወጣ ብሎ ፎቶዎቹን ከነማስታወሻው ለብቻ አስቀመጠለት፤ የሂሳብ ነገር ሲነሳም «ያልፈታሁትን አላስከፍልም» ብሎ ሄደ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ወንድሜ።