መቀነት ሲገዙ፦ የተሸመነው ወይስ የተሰፋው?

ከሐበሻ ቀሚስ ጋር የሚሸጠው መቀነት ዛሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በእጅ የተሸመነው ረጅም የጥጥ መቀነት ነው። ሌላው ላዩ ጥለት፣ ውስጡ ጠንካራ ገበር ሆኖ ከኋላ የሚቆለፈው የተሰፋ ቀበቶ ነው። የተሰፋው ቆሞ ፎቶ ለመነሣት ያምራል። ቁጭ ሲሉ ግን ገበሩ እየታጠፈ ሆድ ይወጋል፤ ከምግብ በኋላም ላላ ማድረግ አይቻልም። ቀኑን ሙሉ ለሚታጠቁት የተሸመነውን ያለማመንታት እንመርጣለን።

መቀነት «ቀነተ»፣ ማለትም ታጠቀ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ መነኩሴ የሚታጠቀው ቅናትም ከዚያው ግስ ነው። ዝናር ግን መነሻው ግሪክኛ ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን የካህኑ መታጠቂያ፣ በገጠር ደግሞ ጥይት የሚደረደርበት ነው። ቀስተ ደመናንም የማርያም መቀነት እንለዋለን። ለገዢ ዋናው ልዩነት ይህ ነው፦ ቀበቶ በዘለበት ይያዛል፣ መቀነት ይቋጠራል። ስለዚህ ቋጠሮ የማይዝ መቀነት ጥለቱ የቱንም ያህል ቢያምር አይረባም።

ቋጠሮውን ሱቁ ውስጥ መፈተን ይቻላል። እናቶች ገንዘብ እንደሚቋጥሩት አንድ ሳንቲም ጫፉ ላይ ቋጥሩና ደጋግማችሁ አራግፉት። ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ ሸካራ ስለሆነ ሳንቲሙን አጥብቆ ይይዛል፤ ለመፍታት ጥርስ ሊያስፈልግ ይችላል። የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር የበዛበት ከሆነ ግን ቋጠሮው እየተንሸራተተ ይፈታል። ወገብ ላይም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ብርሃን ላይ ዘርግታችሁም እዩት፤ ሽመናው ሳስቶ ክፍተት የሚታይበት መቀነት ሲጠመጠም እንደ ገመድ ይጠቀለላል።

ርዝመቱን አስሉ። ወገቧ 80 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሴት ሁለት ዙር 160 ይፈጃል። ለቋጠሮው 20፣ ለሚንጠለጠሉት ሁለት ጫፎች 35፣ 35 ሲጨመር 250 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ብዙ ካጠረ አንድ ዙር ብቻ ይሄዳል፤ አንድ ዙር ደግሞ ቀሚሱን ሰብስቦ መያዝ ያቅተዋል። ስትታጠቁ ስፋቱ አራት ጣት ያህል እስኪሆን አጥፉት፤ ሁለተኛውን ዙር በመጀመሪያው ላይ አስተካክላችሁ አሳርፉና በጎን ቋጥሩ።

ብዙ ጊዜ የሚያስቆጨው ቀለሙ ነው፤ ቀይና ጥቁር ጥለት ላብ ሲነካው ነጩን ቀሚስ ሊያበላሽ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስዳችሁ ጥለቱን ከጀርባው እሹት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ተዉት፤ ሻጩ «አንዴ ሲታጠብ ይለቃል» ቢልም የሚለቀው ቀሚሳችሁ ላይ ነው። ቤት ስትወስዱት ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፤ ሳትጠመዝዙ ጨምቃችሁ ጥላ ላይ አስጡት። ሲተኮስ በጀርባው በኩል፣ ላዩ ላይ ስስ ጨርቅ ተደርጎ ነው፤ የጋለ ካውያ የሚያብረቀርቀውን ክር ያቀልጠዋል።