ፈረስ ነህ ያለኝ አፕ

የቻይናን የዞዲያክ እንስሳትና የወቅት የጤና ምክር አንድ ላይ የሚያቀርብ አፕ ስልኬ ላይ ከጫንኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ልወቅሰው ስለሆነ ስሙን አልጠራም። ግን እስካሁን አላጠፋሁትም።

ያላጠፋሁት በ24ቱ የዓመት ክፍሎች ምክንያት ነው። በቻይንኛ «ጂዬቺ» ይባላሉ። ፀሐይ በሰማይ መንገዷ ላይ 15 ዲግሪ በተጓዘች ቁጥር አንዱ ያልቃል፣ ሌላው ይገባል፤ በቀን ሲሰላ 15 ቀን ገደማ መሆኑ ነው። ጥንቆላ አይደለም፣ ገበሬ የሚዘራበትንና የሚያጭድበትን ጊዜ እንዲያውቅ የተሠራ የፀሐይ ቆጠራ ነው። ዩኔስኮም በ2016 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ስሞቹ ደግሞ እንዴት ደስ ይላሉ መሰላችሁ! ማርች መግቢያ ላይ «የነፍሳት መንቂያ» (ትላትሉና ጢንዚዛው ማለታቸው ነው)፣ ኤፕሪል 20 አካባቢ «የእህል ዝናብ»፣ ሴፕቴምበር ላይ «ነጭ ጤዛ»።

አዲስ ክፍል ሲገባ አፑ አንድ ሥዕልና አጭር ጽሑፍ ይልካል። እዚህ ላይ ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል። ለምሳሌ በብርዱ ወቅት በጊዜ ተኛ፣ ፀሐይ እስክትወጣም አትነሳ የሚለው ምክር «ኋንግዲ ኔይጂንግ» ከተባለው ጥንታዊ የቻይና የሕክምና መጽሐፍ የመጣ ነው። እኔ ግን የወደድኩት የሕዝቡን አባባል ነው፦ በብርድ ራዲሽ (እንደ ካሮት ሥሩ የሚበላ አትክልት ነው)፣ በሙቀት ዝንጅብል የበላ ሰው ሐኪም መድኃኒት ማዘዝ አያስፈልገውም። መጀመሪያ ሳነበው የተገላቢጦሽ የተጻፈ መስሎኝ ነበር፣ በሙቀት ላይ ዝንጅብል ምን ይባላል? እነሱ ግን በሙቀት ጊዜ ሰው ቀዝቃዛ ነገር ስለሚያበዛ ሆዱ ይበርደዋል፣ ዝንጅብሉ ያሞቀዋል ይላሉ።

ችግሩ፣ ቆጠራው የተነሳው ከሰሜን ቻይናው ቢጫ ወንዝ አካባቢ ነው፣ ስሞቹም የዚያን አካባቢ አየር የተከተሉ ናቸው። አፑ ግን የትም ሁን የት ግድ የለውም። ኦክቶበር 23 ላይ «ውርጭ ወረደ፣ ወፍራም ልበስ» ይልሃል። እዚያው ቻይና ውስጥ፣ በደቡብ ባለችው ጓንግዡ ከተማ እንኳ ያን ሰሞን ሰው በካናቴራ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ እንስሳቱ። በቻይና ቆጠራ 12 እንስሳት በየተራ አንድ አንድ ዓመት ይይዛሉ፣ ሰውም የተወለደበትን ዓመት እንስሳ ይወስዳል። የተወለድኩት ጃንዋሪ 1990 በሁለተኛው ሳምንት ነው። አፑ ፈረስ ነህ አለኝ። የ1990 የቻይና አዲስ ዓመት የገባው ግን ጃንዋሪ 27 ነው፣ ስለዚህ እኔ እባብ ነኝ! ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስለሚቆጥር ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ የቻይና አዲስ ዓመት ሳይገባ የተወለደውን ሁሉ ሲያሳስት ከርሟል ማለት ነው። እኔም ለወራት «ፈረስ ስለሆንክ ትቸኩላለህ፣ ቡና ቀንስ» እየተባልኩ፣ እውነትም እቸኩላለሁ ብዬ ራሴን ስነቀንቅ ነበር። ስህተቱን ካወቅኩ በኋላ ልደቴን ዲሴምበር 1989 ብዬ ሸወድኩት። እባብ ሆንኩ። «ብዙ ታስባለህ፣ ቡና ቀንስ» አለኝ። እሱም ልክ መሰለኝ።

ሌላው ማንቂያው ነው። በቻይና ልማድ 12ቱ እንስሳት የቀኑንም ሰዓት ሁለት ሁለት ሰዓት ይካፈሉታል፣ ባህላዊው ሕክምና ደግሞ ለእያንዳንዱ አንድ የሰውነት ክፍል ይሰጣል፤ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 የነብር ሰዓት ነው፣ የሳንባ ተራ። ሐሳቡን ወድጄው ነበር። ግን ልክ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ፦ «የአይጥ ሰዓት ገባ፣ መተኛትህን አረጋግጥ።» ተኝቼ ነበር እኮ!

አንድ ነገር ግን አያስቅም። አፑ ጂንሰንግ ከሚባል የመድኃኒት ሥር የተሠራ ሻይም ይሸጣል፣ «ለሁሉም የሚስማማ» እያለ። ጂንሰንግ ዋርፋሪንን ከመሳሰለ የደም ማቅጠኛ ጋር ሊጋጭ ይችላል፣ እንዲህ ዓይነት መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ እንዳትነኩት። ማስጠንቀቂያ ፈልጌ የትም አላገኘሁም።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፣ ሦስቱም ለ24ቱ ክፍሎች ናቸው። ስለ ልደት ቀን ስሌቱ ለድርጅቱ በዝርዝር ጽፌላቸው ነበር። በማግስቱ መልስ መጣ፦ «ውድ ፈረሳችን፣ ስለ አስተያየትህ እናመሰግናለን።»